ጉቶው ገና አልሞተም

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የባህል ዝግጅት ላይ ተገኝቼ ነበር። አዘጋጁን መጥቀስ ለጉዳዩ አይጠቅምም። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከፊት ክቡራን እንግዶች፣ ከኋላ ተማሪዎች፣ በጎን በኩል ደግሞ ከወላይታዋ ሁምቦ ወረዳ ቀበሌዎች የመጡ አዛውንቶች ተቀምጠዋል። ዱንጉዛ የተባለውን የወላይታ የባህል ልብስ የለበሱ ወጣቶች ተሰልፈው መድረክ ላይ ወጡና ሃያያ ሌኬ የተባለውን ጨዋታ ጀመሩ። ዜማው የሚመጣው ከድምፅ ማጉያ ነው፤ በኪቦርድ የተቀናበረ። ከልጆቹ መካከል የሚያወጣም የሚቀበልም አልነበረም። ወገባቸው ይሠራል፣ አፋቸው ዝግ ነው።

ቢሆንም ዜማው ዜማ ነውና፣ በጎን ከተቀመጡት አንዲት እናት ብድግ አሉ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ጉልበታቸውን ሰበር አድርገው ወደ መተላለፊያው ሁለት ርምጃ ገቡ፣ ድምፃቸውንም አወጡ። የሚቀበላቸው ሰው ፍለጋ ዞር ዞር ሲሉ ባጅ ያንጠለጠለ አንድ ወጣት አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ፣ «አዬ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ካሜራውን ከለሉት» አላቸው። በትሕትና ነው የተናገረው፣ እናቱን እንደሚያናግር። እሳቸውም ነጠላቸውን ፈተው ተቀመጡ።

ያ ልጅ የተሰጠውን ሥራ ነው የሠራው። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሃያያ ሌኬን ሜዳ ላይ፣ በጊፋታ ሰሞን፣ እስኪመሽ የተጫወቱት እሳቸውና አጠገባቸው የነበሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ይመስሉኛል። ሁላችንም የእሳቸውን ጨዋታ ልናከብር ተሰብስበን ሳለ እሳቸው ቦታ አጡ።

ለወላይታ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ጊፋታ የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ነው። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ በሚውል እሑድ ይከበራል፤ ቀኑን የሚለዩት ጨረቃ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዝግጅቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ወንዶች ለሰንጋ፣ ሴቶች ለቅቤና ለቅመም በየቡድናቸው ገንዘብ ያጠራቅማሉ። የተጣላ ይታረቃል፣ ዕዳ ያለበት ይከፍላል፤ ቂምም ዕዳም ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር የለበትም። ከዚያ በኋላ ነው ጥሬ ሥጋው በዳጣ፣ ሙቹዋ የሚባለው ምግብ በቅቤ የሚቀርበው። ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው የሚመጣው።

ሃያያ ሌኬ በዚህ ሰሞን ወጣቱ ተሰብስቦ የሚጫወተው ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ጭብጨባው ምቱን ይይዛል። ወላይታ ሲጫወት ነገሩ ሁሉ ከወገብ ነው፤ ጉልበት ይታጠፋል፣ ትከሻ ይረጋል፣ ወገብ ይዞራል። ወገብ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ይህንኑ አጉልቶ ለማሳየት ነው። ይህን ያህሉን ከቴሌቪዥን ማንም ያውቃል። ቴሌቪዥን የማያሳየው ግን ተመልካች የሚባል ነገር አለመኖሩን ነው። ዳር የቆመው ተቀባይ ነው፤ ካልተቀበለ አውጪው አንገቱን ደፍቶ ይቀራል። ልጃገረድና ጎረምሳ የሚተያዩት እዚያ ነው። ትናንት የታረቁ ሁለት ጎረቤታሞች ዕርቃቸው የምር መሆኑን ሰፈርተኛው የሚያየው እዚያ፣ አንድ ጭብጨባ ሲያጨበጭቡ ነው። በዘፈኑ ውስጥ የሚሞገስ ይሞገሳል፣ ሰነፍም ነገር ጣል ይደረግበታል፤ ግጥሙ በየዓመቱ እንደ ሰፈሩ ሁኔታ ይታደሳል። የአምናው ግጥም ዘንድሮ አያገለግልም።

ታዲያ ይህ ጨዋታ ለምን ሳሳ? ምክንያቱ አንድ አይደለም፣ ጥፋቱንም በአንድ ወገን ላይ መደፍደፍ ሐቅ አይሆንም።

መጀመሪያ ሜዳው ጠፋ። ወላይታ በገጠር የሕዝብ ጥግግት ከአገራችን ቀዳሚ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው። የአባት መሬት ለልጆች ሲከፋፈል፣ የጋራ ግጦሽ ሲታረስ፣ ከተማ ሲሰፋ፣ መቶ ሰው ክብ ሠርቶ የሚቆምበት ሣር ከየት ይምጣ? ስለ ባህል መጥፋት ስንነጋገር ስለ መሬት የማንነጋገረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ክብ ቦታ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ልጆቹ ናቸው። ሃያያ ሌኬን የሚጫወተው የዕድሜ ክልል ዛሬ በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ውስጥ ነው፤ ጫማ ሲጠርግ፣ ሎተሪ ሲያዞር፣ ሸክላ ሲሸከም። በመስከረም መናኸሪያው በእነዚህ ልጆች ይጨናነቃል። ለእናቱ ስኳርና ሻርፕ ይዞ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ የሚሳፈረው ልጅ አገሩ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ሥጋ ይበላል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ይመለሳል። ግጥም ማውጣትን የሚማርበት ወቅት፣ ከበዓሉ በፊት የነበሩት ረጃጅም ምሽቶች፣ እሱ በሌለበት ያልፋሉ።

ሦስተኛው ስሱ ነውና በጥንቃቄ ልናገረው። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ወላይታ የደረሱት በእኛ አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት ተጠማቂዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው ቆዩአቸው። ወላይታ ውስጥ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ ያላቸውን ስፋት ሁሉም ያውቃል። ለብዙ አማኝ ቤተሰብ «ዘፈን» የሚለው ቃል ራሱ ክርክሩን ዘጋው። ዘፈን ኃጢአት ነው ከተባለ ሃያያ ሌኬም ከጠጅ ቤት ዘፈን ጋር አንድ ሚዛን ላይ ወጣ። እምነቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ሽማግሌዎቻችን ይህን ነገር ሲጠሩ ከአፋቸው የሚወጣው «ጨዋታ» የሚለው ቃል መሆኑ ትርጉም አለው። ዕርቅ ሲሳካ የሚደረግ ጨዋታ ነው። ደግሞም ዜማው ከአማኙ ጉሮሮ አልወጣም። በወላይትኛ የሚዘመረውን መዝሙር ልብ ብሎ የሰማ ሰው ያንኑ የማውጣትና የመቀበል ሥርዓት እዚያው ያገኘዋል። በዚህ ጉዳይ ከአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጋር ተቀምጦ የማይነጋገር የባህል መሥሪያ ቤት ግማሹን ሕዝብ ትቶ ነው የሚሠራው።

አራተኛው መድረኩ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የብሔር ብሔረሰቦችን ውዝዋዜ መድረክ ላይ ማውጣት በአገራችን የቆየ ሥራ ነው። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የየአካባቢውን የሙዚቃ መሣሪያ ከየመንደሩ አምጥቶ በአንድ መድረክ ሰበሰበ። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጉዞ በድርቁ ጊዜ የረዱንን አገሮች ለማመስገን አውሮፓና አሜሪካን ሲዞር፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሌላውን ብሔረሰብ ውዝዋዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ያየው በእሱ ነው። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤት ያለ ወላይታ ምት ምሽቱን አይጨርስም፤ ሠርጉም እንዲሁ። በወላይትኛ ምት ያልጨፈረ ከተሜ ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ መድረኩ የራሱን ቅርጽ ወደ መንደር መልሶ መላኩ ነው። ለአምስት ደቂቃ ተብሎ የተከረከመው፣ ፊቱን ወደ ካሜራ ያዞረው፣ በተቀዳ ድምፅ የሚሄደው ሃያያ ሌኬ አሁን በየትምህርት ቤቱ «ትክክለኛው» ሆኖ ይሰጣል። ክቡ ወደ ሰልፍ ተቀየረ። አውጪው ጠፋ። ዲንካ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፋው ጓድም በዚያው ጠፋ። የዲንካ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ብቻ ይዘው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየገባ ነው ዜማው የሚሞላው፤ አንድ ሰው ከቀረ ዜማው ይጎድላል። ኪቦርድ ይህን ሁሉ በአንድ ጣት ይሠራዋል። በአንድ ጣት መሠራቱ ነው እንግዲህ ጉዳቱ፤ አሥር ጎረቤት ተፈላልጎ የሚሠራው ነገር አንድ ተከፋይ ይበቃዋል ማለት ነው።

ወደ ዕውቅናው እንምጣ። አገራችን የዩኔስኮን የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በኋላ መስቀል በ2013፣ ፍቼ ጨምበላላ በ2015፣ የገዳ ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀት በ2019፣ የሐረሪዎች ሹዋሊድ በ2023 በወካይ መዝገቡ ሰፍረዋል። ጊፋታንም እዚያ ለማድረስ ለዓመታት ተደክሟል፤ ድካሙ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ዝርዝሩን ልብ በሉት። ከጠቀስኳቸው ውስጥ ራሱን ችሎ በውዝዋዜነት የተመዘገበ የለም። ሲዳማ ቄጣላ አለው፤ የሚታወቀው በፍቼ ውስጥ ነው። ሃያያ ሌኬም የሚነሳው በጊፋታ ውስጥ ነው። በዓሉ ሰንጋውም፣ ቅቤውም፣ ስብሰባውም፣ ሰልፉም አለው፤ ውዝዋዜው ቢቀር እንኳ በዓሉ ደምቆ ሊከበር ይችላል። በዓል መዳኑ ጨዋታ መዳኑን አያረጋግጥም።

የስምምነቱ መንፈስ ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛ ከምናወራው የተለየ ነው። ቅርሱ የማኅበረሰቡ ነው፣ ማኅበረሰቡ ሳይሳተፍና ሳይስማማ አይመዘገብም፣ ትውልድ በየጊዜው እያደሰ ያስተላልፈዋል ይላል። አገሪቱም በመዝገቡ ስለሰፈረው ቅርስ ሁኔታ በየስድስት ዓመቱ ሪፖርት ታቀርባለች። የእኛው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የማይዳሰሰውን ቅርስ ከሐውልቱና ከብራናው እኩል በቅርስነት ይቆጥረዋል። ሕጉ አልጎደለም። የጎደለው ከሕጉ በታች ያለው ሥራ ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ? የአርጀንቲናና የኡሩጓይ ታንጎ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመዘገብ ሰው ያልተወው፣ በየምሽቱ የሚደነስ ነገር ነበር፤ ከእኛ ጉዳይ ይርቃል። የሚቀርበን የኡጋንዳዎቹ ባሶጋዎች ናቸው። ቢግዋላ የሚባል በቅል መለከት የሚነፋ ሙዚቃና ውዝዋዜ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የነገሥታቱ ሥርዓት ሲሻር እሱም አብሮ ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አስቸኳይ ጥበቃ በሚሹ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ነፊዎቹ በጣት የሚቆጠሩ አረጋውያን ብቻ ነበሩ። ሥራው የተጀመረው ከየት ይመስላችኋል? ቅሉን ከመዝራት። መለከት የሚሆነው የቅል ዓይነት ከማሳ ጠፍቶ ስለነበር ዘሩን ፈልገው ተከሉት፤ ቅሉ ደርሶ መለከቱ ሲሠራ ሽማግሌዎቹ ወጣቶቹን አስተማሩ።

ከሁሉ በላይ የሚያስቀናኝ ግን የሃንጋሪዎቹ ታሪክ ነው፤ ከእኛም ጋር አንድ ክር ያገናኘዋል። ጂዮርጂ ማርቲን የተባለ የውዝዋዜ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ከሙዚቃ ባለሙያው ባሊንት ሻሮሺ ጋር ኢትዮጵያ መጥቶ የውዝዋዜዎቻችንን ዓይነት አጥንቷል፤ ስለዚሁም በ1967 ጽሑፍ አሳትሟል። ሰውየው አገሩ ሲገባ የየመንደሩን ጭፈራ በፊልም እየቀረጸ፣ ርምጃውን እየመዘገበ ነበር። በዚያን ጊዜ ሃንጋሪም እንደኛ ትላልቅ የመድረክ ቡድኖች ነበሯት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1972 ቡዳፔስት ውስጥ ከእነዚህ ቡድኖች የወጡ ወጣቶች ተሰባስበው ሴክ በምትባል የትራንሲልቫኒያ መንደር ልማድ የጭፈራ ቤት ከፈቱ። ቆየት ብሎም በሩ ለማንም ክፍት ሆነ። የሚመጣ ሰው ቁጭ ብሎ አያይም፤ ርምጃው ይነገረዋል፣ ይጨፍራል። ሙዚቃው በሰው እጅ ይመታል። ልማዱ አገሩን አዳረሰ፤ ዩኔስኮ በ2011 በመልካም የቅርስ ጥበቃ ተሞክሮዎች መዝገብ ያሰፈረው ይህንኑ የጭፈራ ቤት አሠራር ነው። የዚያ ሰው ማስታወሻና ፊልም ባይኖር ወጣቶቹ ርምጃውን ከየት ያገኙት ነበር? ወጣቶቹ ባይኖሩስ ፊልሙ ለማን?

ሩቅ መሄድ የለብንም። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ጠበላ አጠገብ ያሉትን የሁምቦ ተራሮች ተመልከቱ። እነዚያ ተራሮች ለአሥርት ዓመታት ራቁታቸውን ነበሩ። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል አልቆ፣ ጎርፉ ማሳውን ሲጠርግ፣ ምንጩ ሲደርቅ የአካባቢው ሰው አይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ገበሬዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው፣ ወርልድ ቪዥን እየደገፋቸው፣ 2,728 ሄክታር መሬት ከለሉ። ትልቁ ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም። መሬቱ ውስጥ የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ ነበር፤ ሥሩ አልሞተም፣ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ በየዓመቱም ከብት ይግጠዋል፣ ምሳር ይቆርጠዋል። ገበሬዎቹ ከየጉቶው ጠንካራውን ቀንበጥ መርጠው ሌላውን ገረዙ፣ ከብትና ምሳር እንዳይገባ ጠበቁ። ደኑ ተመለሰ። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፣ በዓለም ባንክ በኩልም ማኅበራቱ የካርቦን ሽያጭ ገቢ አገኙ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ቀንበጡ ቀደመ፣ መዝገቡ ተከተለ።

እኔ የምለው ሃያያ ሌኬም እንደዚያ ጉቶ ነው። አዲስ የባህል ቡድን ማቋቋም፣ ዩኒፎርም ማሰፋት፣ ኪቦርድ መግዛት ችግኝ ተከላ ነው፤ ፎቶ ላይ ያምራል። ጉቶው ግን በየሰፈሩ አለ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው የተነሱት እናት ጉቶ ናቸው። በሠርግ ማግስት፣ ዲጄው ዕቃውን ጭኖ ከሄደ በኋላ፣ ወጥ ቤት ሆነው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚቀባበሉት ሴቶች ጉቶ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው እንዳይረገጡ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ የዞኑን የባህል ኃላፊዎች፣ የሁምቦን ወረዳ፣ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲን እማጸናለሁ። በየቀበሌው አንድ ሣር፣ ሰው ክብ ሠርቶ የሚቆምበት፣ ከግንባታም ከእርሻም ተከልሎ ይቆይ፤ ደን ከልላችሁ አሳይታችኋል፣ ይህ አይከብዳችሁም። ማውጣት የሚችሉ እናቶችና አባቶች ካሉበት ድረስ ተሄዶ ጨዋታቸው በድምፅና በምስል፣ ግጥሙም በወላይትኛ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለጊዜያቸውም ይከፈላቸው። ትምህርት ቤቶች የውድድር ነጥብ ሲሰጡ ለልብሱና ለሰልፉ የሚሰጡትን ቀንሰው ለማውጣትና ለመቀበል ይስጡ፤ የተቀዳ ሙዚቃ ይዞ የመጣ ቡድን አይወዳደር። ከአዲስ አበባ ለበዓል የሚገቡትን ልጆች የሚጠብቅ አንድ ምሽት ይመደብ፤ የመጡበትን ዜማ ረስተው ከሆነ እዚያው ይማሩት።

አንባቢ ሆይ፣ በመጪው መስከረም ወላይታ ከዘለቅህ ስልክህን ኪስህ ውስጥ አድርገህ ክቡ ውስጥ ግባ። ግጥሙን ባታውቀው ጭብጨባው ይበቃሃል፤ የሚቀበሉት ያስገቡሃል። በአዘጋጅነት የምትቀመጡም ካላችሁ፣ ያን ቀን ወንበሮቹን ከሜዳው አንሱልን። ካሜራው ትንሽ ቢከለልም ግድ የለም፤ እኚያን እናት አታስቀምጧቸው።